ላላወቅሁት የሰጠሁት መልስ

ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው መለስኩ፤ ጥፋቴ ይህ ነው።

በደቡብ ጎንደር በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ፣ ከጉና ተራራ ሥር ባልና ሚስት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ገና አፏን መፍታት የጀመረች ሕፃን ናት። ከማጅራት ገትር ተርፋለች፤ ከዳነች ወዲህ ግን ሲጠሯት አትዞርም፤ የለመደቻቸው ቃላትም እየጠፉባት ነበር። አባትየው ደብረ ታቦር ገበያ የሰማውን ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ ጆሮ ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«አለ» አልኩት። «ግን ጭንቅላቷን በሰፊው ነው የሚቀዱት። ለሕፃን ከባድ ነው፤ ትንሽ ትደግ።» እናትየው ልጇን አቀፈቻት። ሌላ ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

የተናገርኩት ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን የአሮጌ መጽሐፍ ሥዕል ነበር። ቀድሞ አባትየው የጠየቀኝ የመስሚያ መሣሪያ፣ ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ ሲገባ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው ቆዳ በግማሽ ክብ ቅርጽ በሰፊው ተቀዶ ይገለበጥ ነበር። እንዲህ ያለው ቅድ የቆዳውን የደም ዝውውር ስለሚያውክ ቁስሉ የሚከፈትበትና የሚያመረቅዝበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ቅዱን አሳጥረውታል፤ ዛሬ ለብዙዎቹ ከጆሮ ጀርባ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ስፌቱ መሣሪያው ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቃሉ። የሚቦረቦረውም ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት እንጂ አንጎል አይደለም።

የባሰው ግን «ትደግ» ማለቴ ነው። ማጅራት ገትር የውስጡን ጆሮ ሲያቆስል፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ክፍል በሳምንታትና በወራት ውስጥ አጥንት ሊሞላው ይችላል፤ ያኔ የመሣሪያው ኤሌክትሮድ መግቢያ ያጣል። ለእሷ መጠበቅ ማለት ማጣት ነበር።

ይህን የተረዳሁት ትምህርቴን ስቀጥል ነው። ቤተሰቡን አፈላልጌ ስህተቴን ነገርኳቸው። እናትየው ዝም ብላ ሰማችኝና «ያን ጊዜ አላውቅም ቢሉን፣ ሌላ ሰው እንጠይቅ ነበር» አለች።

ሕክምናው ለጉና ገበሬ ውድም ሩቅም ነው፤ ይሳካላቸው ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሞክሮ ማጣትና በእኔ ቃል ተከልክሎ መቅረት አንድ አይደሉም።

አሁን ከማጅራት ገትር የተረፈ ልጅ ሳገኝ ሳልውል ሳላድር ለመስማት ምርመራ እልካለሁ። የማላውቀውን ስጠየቅ አላውቅም እላለሁ፤ የሚያውቀውንም እጠቁማለሁ። ይህ ለሌሎች ልጆች ይጠቅማል፤ የእሷን ዕዳ ግን አይከፍልልኝም።