ተሸንፎ ዝም ያለ እና ኔትወርክ አጥቶ ዝም ያለ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቼዝ ነው። ቼዝ የማትጫወቱም ግን አትለፉን፤ ጉዳዩ እናንተንም ይነካል። ስለ ቼዝ ብይን ዑለማዎች እንደተለያዩ እናውቃለን። ብዙዎች ከልክለውታል፤ ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ደግሞ ጠልተውታል እንጂ ሐራም አላሉትም። ቁማር ከገባበት ወይም ሰላት ካሳለፈ ግን የሚያከራክር ነገር የለውም። ብይኑን ለባለቤቶቹ ትተን ወደ ገጠመኛችን እንግባ።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ደብረ ብርሃን፣ አንዳችን አንኮበር። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሥራ ስለሚይዘን ቶሎ ቶሎ አንገናኝም። ስለዚህ በስልክ ቼዝ እንጫወታለን። ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን የሚሰጠውን ዓይነት ነው የመረጥነው። አንዱ ከዙህር በኋላ ይጫወታል፤ ሌላው ማታ ከሥራ ሲገባ ይመልሳል። ድሮ ሰዎች በፖስታ ደብዳቤ እየተላላኩ ይጫወቱት የነበረ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም አለው፤ ዛሬ ውድድሩ ወደ ኢንተርኔት ገብቷል።

ከማናውቃቸው ሰዎች ጋርም እንጫወታለን። አንድ ጊዜ አንዳችን ከአንድ የሩቅ ሰው ጋር ሲጫወት ሩክ በለጠው። ሰውየው እስከዚያ ድረስ በሰዓታት ውስጥ ነበር የሚመልሰው። ሩኩን ከተበላ በኋላ ግን ሁለት ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት እየጠበቀ አንዲት እርምጃ ይወረውር ጀመር። አሥራ ሁለት እርምጃ ቢቀር ሠላሳ ስድስት ቀን ማለት ነው! ሕግ አልጣሰም፤ ሦስቱ ቀን የእሱ ነው። ግን ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶናል። ተጋጣሚው ሰልችቶት ወይም ረስቶ ሰዓት እንዲያልፍበት ነው። ወይም ደግሞ ሽንፈቱን በዓይኑ ላለማየት። በደብዳቤ ቼዝ ተጫዋቾች ዘንድ ይህ የቆየና የሚናቅ ጠባይ ነው። «የሙት ሰው መከላከያ» እያሉ ያሾፉበታል።

እኛም ተናደድንና «ወንድ ከሆንክ እጅህን ስጥ» ብለን ጻፍንለት። ሦስታችንም ተስማምተን ነው የጻፍነው። መልስ አልሰጠም።

በሀገራችን ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ነበር። ስሙ «ሸጥረንጅ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ከጠጠሮቹ አንዱ «ፊል» መባሉም ዐረብኛ ነው፣ ዝሆን ማለት። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እኩል ያንቀሳቅሳል። ይህን የመክፈቻ ክፍል ወረራ ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሀገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ በሰፊው ጽፏል። አሸናፊውም ወግ ነበረበት፤ በየትኛው ጠጠር እንደዘጋው ይታይ ነበር፣ ሁሉም ድል እኩል አይከበርም። ከሁሉ በላይ ግን ተጋጣሚህ ፊት ለፊትህ ነው፣ ተመልካቹም ከብቦሃል። ቢያፍርም ቢጨነቅም ቢያመውም ከፊቱ ታነባለህ። ስልኩ ፊቱን ወሰደብን። የቀረልን የሚቆጥር ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ የገባን ነገሩ በራሳችን ሲደርስ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለወራት። በዚያን ጊዜ ቼዝ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዳችን ስለ ቤተሰብ ነበር የምንጨነቀው። የጀመርናቸው ጨዋታዎች ሁሉ በሰዓት ተሸነፉ። ኔትወርክ ሲመለስ ከአንድ የባሕር ማዶ ተጫዋች የተላከ መልእክት አገኘን፦ «ፈሪ! ስትሸነፍ ትጠፋለህ?»

በዚያ ጨዋታ በእርግጥ እየተሸነፍን ነበር። ታዲያ ሰውየው በምን ይወቅ? ከእሱ በኩል ሲታይ የእኛ ዝምታና የዚያኛው ዝምታ አንድ ነው። እኛ ለማናውቀው ሰው የጻፍነው ስድብ ዞሮ እኛው ስልክ ላይ ገባ።

ይህን ስናወራ የአንኮበሩ ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ቆየና «አውፍ በሉኝ» አለ። «ከመቋረጡ በፊት ንግሥቴን የበላችሁብኝ ጨዋታ ትዝ ይላችኋል? ኔትወርክ የለም ብዬ አሥር ቀን ያጓተትኩት? ነበረኝ እኮ።» ሳቅን። ወዲያው ግን ዝም አልን። እሱ ባይነግረን ኖሮ እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ዕዳ ትዝ አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል እንደሆነ አስተምረውናል። በሱረቱል በቀራ ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው እንዲጠበቅ ታዘናል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም «ነገ» ነው የሚሉት። ልዩነቱ ኪሳቸውና ልባቸው ውስጥ ነው፤ እሱን የሚያውቁት አላህና ባለቤቱ ናቸው። ቼዙም እንደዚያው ነው። ሰውየው እያጓተተ መሆኑን ሰዓቱ ሊነግርህ አይችልም፤ አንተ ስታጓትት ግን ታውቃለህ።

ስለዚህ እኛ ሦስታችን እንዲህ ተስማማን። ስንሸነፍ፣ ተስፋ ካለን በፍጥነት እንጫወታለን። እስከ መጨረሻው መታገል ነውር አይደለም፤ ስንቱ ያለቀለት የተባለ ጨዋታ በአቻ ወጥቷል! ተስፋ ከሌለን «ደህና ተጫወትክ» ብለን እጅ እንሰጣለን። መዘግየት ካለብን ምክንያቱን በአንድ መስመር እንጽፋለን። ሌላው ሲዘገይብን ደግሞ ሁስኑ ዘን እናስቀድማለን። «እሱ ይህን ከተጫወተ እኔ ይህን» ብሎ አስቀድሞ ማስቀመጥ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እሱን ሞልተን ስልኩን እንዘጋለን። ጨዋታው ይጠብቀን እንጂ እኛ እሱን ቁጭ ብለን አንጠብቅም።

ይኸው ነገር ብድር ላይ አለ፣ ቀጠሮ ላይ አለ፣ «እደውልልሃለሁ» ላይም አለ። «አልቻልኩም» ማለት ስለከበደን ብቻ ስንት ሰው እያስጠበቅን ይሆን?

የዚያን የሩቅ ሰው ስም ፈልገን አገኘነውና «በዚያ ቀን ለጻፍንልህ ነገር ይቅርታ፤ ምን እንደገጠመህ አናውቅም ነበር» ብለን ላክንለት። ይህን እስከጻፍንበት ድረስ አልመለሰም። ምናልባት ተቀይሞናል። ምናልባትም ኔትወርክ የለውም።