ዲስኩ ሳይሆን ኮረንቲው

ሠርግና ምርቃት በሚቀርጽ ሰው ጠረጴዛ ላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የዘንድሮ ሥራ፣ አንዱ የአምና፣ ሌላው ደንበኛ «እናንተ ጋ ይቆይልኝ» ብሎ የተወው። ላፕቶፑ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ፖርት ስለሆነ ሁሉም በአንዲት ትንሽ ሃብ በኩል ይሰካሉ። ኤዲቲንጉ መሃል ላይ አንዱ ዲስክ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። «ዲስኩ ሞተ» ተብሎ ጥገና ቤት ይኬዳል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ደህና ነው፤ ያጠረው ኮረንቲ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ይሰጣል። ባለ 2.5 ኢንቹ ትንሽ ዲስክ የሚሠራው በዚህችው ነው። ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ይስባል። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ ያንኑ 900 ሚሊአምፔር ለሦስትና ለአራት ዲስክ ያካፍላል። ስለዚህ ዲስኩ መዞር ይጀምራል፣ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እንደገና ይነሳል። ድምፁ በእርግጥ ከተበላሸ ዲስክ ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል የሚደነግጥ ሰው አይፈረድበትም። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ዲስኩን ብቻውን፣ በአጭር ገመድ፣ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ማየት ይቀድማል። ብቻውን ሆኖም ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ነቅሎ ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሰዋል።

መፍትሔው የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ነው። ሲገዛ የፖርቱን ብዛት ሳይሆን አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ማንበብ ያስፈልጋል። አራት ዲስክ እያንዳንዱ 900 ሚሊአምፔር ቢስብ 3.6 አምፔር ይሆናል፤ ሰባት ፖርት ያለው ነገር ግን 2 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ሃብ አይችላቸውም። ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቁ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ስላለው ሃቡን አይጫንም። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ የሁሉንም አዳፕተር ጫፍ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ስሙን ጻፉበት። የ12 ቮልቱ ጫፍ የ5 ቮልቱ ሃብ ላይ ልክ ሊገባ ይችላል፤ ከተሰካ ያቃጥለዋል።

እኛ አገር ደግሞ የመብራት መጥፋት አለ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ስክሪኑም አይጠፋም፤ ባለ አዳፕተሩ ሃብ ግን በዚያችው ቅጽበት ጠፍቶ ዲስኮቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። እየተገለበጠ የነበረው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል። ብዙዎቻችን ዲስኩ ዊንዶውስም ማክም ላይ እንዲሠራ በኤክስፋት ፎርማት እናደርገዋለን፤ ኤክስፋት ግን እንደ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስለማይዝ ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ መቋረጥ የበለጠ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ ካለ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለውና፣ ለሃቡና ለትልልቆቹ ዲስኮች ይሰጥ።

ፍጥነቱም የጋራ ነው። በዩኤስቢ 2.0 ሃብ ውስጥ ሁሉም ዲስኮች ተደምረው በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፉም፤ አንድ ዲስክ ብቻውን ከ100 በላይ ማስኬድ ሲችል። ከዲስክ ወደ ዲስክ ስትገለብጡ አንዱን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስኩት። ዊንዶውስ የሚሰጠው ፊደል እየተቀያየረ ፕሮጀክቱ ፋይል ካጣ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ለእያንዳንዱ ቋሚ ፊደል መስጠት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ነው። በአንድ ሃብ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰኩ ሦስት ዲስኮች ሦስት ቅጂ አይባሉም። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኮረንቲ ሁሉንም በአንዴ ሊያቃጥላቸው ይችላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሌለ አባት ልጁን ሲመርቅ ያለው ድምፅ አለ፤ ሌላ የትም የለም። ሁለተኛው ቅጂ ተገልብጦ እንዳለቀ ይነቀል፣ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ሠርጋችሁን ያስቀረጻችሁም፣ ባለሙያው ጋ ፋይሉ ገና ሳለ በራሳችሁ ዲስክ አስገልብጡት።