ቆሞ ማረፍ፤ ከቡናው ምድር እስከ በረዶው ኮረብታ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ቁልቁለት ማለት የሥራ ቦታ ነው። ቀይ ቡና የሚለቀምበት፣ ዝናብ ያራሰውን ጭቃ በዱላ እየተደገፉ የሚወርዱበት ነው። ስለዚህ ቁልቁለትን ለጨዋታ ሠርቶ ከአናቱ ላይ የሚዘል ሕዝብ አለ ቢባሉ ልጆቻችን ተረት ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው የበረዶ መዝለያ በአገራችን ስለሌለ፣ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የሚገኘውን ሆልመንኮለንን ጐብኝተን ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ከከተማው በባቡር ሽቅብ ሲወጡ ጥዱን ከበረዶው ጋር ያዩታል። አንባቢ ግን ቦታው ከአገራችን ተራሮች የሚበልጥ አይምሰለው። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1450 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ ይህ ኮረብታ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም። በረዶውን ያጸናው የቦታው ከፍታ ሳይሆን የሰሜን ርቀቱ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ስትርቅ ኦስሎ 60 ዲግሪ ያህል ትርቃለችና።

ዘላዩ ስኪ የሚባሉትን ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ሳንቃዎች በእግሩ አስሮ፣ ከማማው ጫፍ ቁጢጥ ብሎ ይንሸራተታል። ከጠርዙ ሲደርስ ይፈናጠርና ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ እንደ አሞራ በነፋስ ላይ ይንሳፈፋል። ማረፊያውም ቁልቁለት ስለ ሆነ ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ ሰው አይሰበርም፤ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ዳኞች የሚቈጥሩለትም ርቀቱን ብቻ አይደለም። አምስት ዳኞች እያንዳንዳቸው እስከ 20 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተሰርዘው የቀሩት ይደመራሉ። አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሳይንገዳገድ ካላረፈ ነጥብ ይጐድልበታል። እንግዲህ ርቆ መሄድ ብቻውን አያስመሰግንም፤ ቆሞ ማረፍም ያስፈልጋል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር በዚህ ኮረብታ ሲደረግ ረጅሙ ዝላይ ከ22 ሜትር አላለፈም ነበር፤ ዛሬ ከ140 ሜትር በላይ ይዘለላል። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ኡላቭ 5ኛ አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1922 እና በ1923 በዚሁ ተወዳድረዋል። አሮጌው መዝለያ በ2008 ፈርሶ አዲሱ በ2010 ተመረቀ፤ የምረቃውን ዝላይ እንድትዘል የተመረጠችውም አኔተ ሳገን የተባለች ሴት ናት። ወንዶች በኦሊምፒክ ከ1924 ጀምሮ ሲዘሉ፣ ሴቶች የተፈቀደላቸው ገና በ2014 ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ።

ከመዝለያው አጠገብ ከእንጨት የተሠራ ቤተ ጸሎት አለ። በ1903 የተሠራው በ1992 ሰዎች ሆን ብለው በለኰሱት እሳት ነደደ፤ በዚያው ዓመት ሌሎችም የአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ነበር። ሕዝቡ ግን በ1996 መልሶ አቆመው። በአገራችን የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ያየ ምእመን በዚያ ደጃፍ ሲቆም የሚሰማውን መናገር አያስፈልግም።

የእኛም ሰው በዚያ አገር በረዶ ላይ ስም አለው። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱበት ደረጃ ደረሰ። በ1971 ግን በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀርቦ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ከርሱም በኋላ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር በረጅም ርቀት የስኪ ሩጫ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምቱ ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ኖርዌያውያን በዓለም ላይ ቡና አብዝተው ከሚጠጡት ሕዝቦች መካከል ናቸው። በብርዱ ውስጥ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ዝላዩን የሚመለከተው ሰው፣ ቡናው በምን ዐይነት ቁልቁለት እንደ ተለቀመ አያውቅም። እርሱ ዘላዩ ቆሞ ሲያርፍ ያጨበጭባል፤ ቅርጫት ተሸክማ ጭቃውን ሳትወድቅ ለምትወርደው ለቃሚ ግን የሚያጨበጭብላት የለም። ስለዚህ ክብሯን ቢያንስ እኛ፣ በየቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ለልጆቻችን እንንገራቸው። እግዚአብሔር የቡናውን ምድርና የሚደክሙበትን እጆች ይባርክልን።