ቢጫ አበባ ከመትከላችሁ በፊት

ዓለም ገና ያለው ቤቴ በር ላይ ቴኮማ የተባለውን ቢጫ አበባ ዛፍ ስተክል ጎረቤቴ፣ «ያ የሚገድለው አይደለም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቴቬቲያ የሚባል፣ አበባው ቴኮማን የሚመስል ሌላ ዛፍ አለና። ሁለቱም የመጡት ከሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ነው።

ልጆቼ በጥላው ሥር ስለሚጫወቱ እኔ የመረጥኩት ቴኮማን ነው። የቴኮማ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ፍሬውም እንደ ፎሶሊያ ቀጭንና ረጅም ነው። የቴቬቲያ ቅጠል ግን ጠባብና የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ሁለንተናው መርዝ ነው፤ ይልቁንም ዘሩ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ልጅ ከቀመሰው፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ፣ ቅጠሉንም ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ቴኮማን ማሳደግ ሥራ ለሚበዛባት እናት አይከብድም። ክረምቱ ሲገባ ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውኃ በማይተኛበት ስፍራ ትከሉት። ዓለም ገና ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ለጋውን ችግኝ ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። አበባው ሲረግፍ ቅርንጫፉን ከርክሙ፤ የሚያብበው አዲስ የሚያቆጠቁጠው ነው።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ችግኝ ስትገዙ አበባውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ አንድ ቅጠል ቀንጥሱና ወተት ማውጣት አለማውጣቱን እዩ፤ ከዚያም እጃችሁን ታጠቡ።