ከድሬዳዋ እስከ ሐረር፤ ሃያ ዓመት ቢመለስ

ሰው ዕድሜው ገፋ ሲል ከሚያነሣቸው ምኞቶች አንዱ፣ «ያ የወጣትነት ዘመን ዛሬ ካለን ዕውቀት ጋር ቢመለስልን» የሚለው ነው። ይህ ምኞት ያልተነሣበት የቡና ወግ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ግን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለሆነ፣ አንዱ መሬት በርካሽ እገዛ ነበር፣ ሌላው ትምህርቴን እገፋ ነበር እያለ በዚያው ይቀራል። እኛ ምኞቱን ይዘነው መንገድ ወጣን። በወጣትነታችን በሐረር በነበረው በ3ኛው ክፍለ ጦር ያገለገልን ሦስት ጡረተኞች ተሰባስበን፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለውን የድሮ መንገዳችንን እንደገና ተጓዝንበት። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ለውድ አንባቢያን፣ በተለይም በዚያ አገር ለኖሩ ቤተሰቦች፣ ያየነውን እነሆ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይዘልቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራው አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ። በቆመበትም ሥፍራ ከተማ በቀለ፤ የመጀመሪያ ስሙም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። የለገሃሩ ሕንፃ፣ የባቡር መጠገኛው ጋራዥ፣ በከዚራ ሰፈር ቀጥ ብለው የተዘረጉት ጥላማ ጎዳናዎች ዛሬም አሉ። እኛ የደረስነው በግንቦት ስለነበረ፣ በከተማይቱ ስም የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ከመንገዱ ላይ አንጥፎ ጠበቀን።

የሌለው የድሮው ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ያመላልስ የነበረው አሮጌው የመንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆሟል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ስለሆነ፣ ፉጨቱ ከዚራ ድረስ አይሰማም። ለእኛ ዘመን ወጣት ባቡር ማለት እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ይቀራል ብሎ ያሰበ ሰው አናስታውስም። ከመካከላችን የሻምበልነት ማዕረግ የነበረው ወዳጃችን የጣቢያውን በር እየተመለከተ፣ «ሃያ ዓመቴ ቢመለስ ከሁርሶ ጀምሬ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ እቆጥር ነበር» አለን። ያኔ ባቡር ውስጥ ገና ከመቀመጡ እንቅልፍ ይጥለው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለንና ሳቅን። ፈጢራ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ወደ ደቻቱ ወረድን።

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱበት፣ ነጋዴ ሸቀጡን ሲያነጥፍበት፣ ግመል ሲያርፍበት እናውቀዋለን። ነገሩ አሳሳች የሚሆነው፣ ወንዙን የሚሞላው ዝናብ የሚዘንበው ከከተማይቱ ላይ ሳይሆን ከበላይዋ ካለው ተራራ በመሆኑ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከዋክብት እየታዩ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ሕዝቡን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ አግኝቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዛሬ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ቆሟል።

ታዲያ የዛሬውን ዕውቀት ይዞ የተመለሰ አንድ የሃያ ዓመት ወታደር፣ በ1968 ዓ.ም. በዚያ አሸዋ ዳር ቆሞ፣ «ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት በዚህ ሥፍራ አትተኙ» ቢል ምን ይከተላል? እርግጠኞች ነን፤ አለቃው ለሦስት ቀን ወደ ሕክምና ይልከዋል። ደግሞም አሸዋው የውኃው መንገድ መሆኑን ያገሩ ሽማግሌዎች ያኔም ያውቁ ነበር፤ ወንዙ ከ1998 ዓ.ም. በፊትም ሰው ወስዷል። ድሀ ቤቱን ከወንዝ ዳር የሚሠራው አደጋው ስላልተነገረው አይደለም፤ ሌላ መሬት ስላጣ ነው። ዕውቀት ብቻውን ለሰው ቤት መሥሪያ አይሰጥም። ይህን ስንነጋገር ሾፌራችን፣ «አባቶቼ፣ ፀሐዩ ሳይከር እንውጣ» አለንና ተነሣን።

ከድሬዳዋ በላይ ያለው የደንገጎ አቀበት አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሆነው ሜዳ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው ይቀንሳል። የጫት መኪኖች ሩጫ ግን ከያኔው ብሷል። ስለ እነርሱ ከዚህ የበለጠ አንልም፤ ሾፌራችን ብዙ ብሏቸዋል።

አለማያ ደረስን፤ ዛሬ ሐረማያ ነው የሚባለው። የግብርናው ኮሌጅ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ፣ በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ተቋም ነው። በእኛ ዘመን ግን ለወታደር አለማያ ማለት ሐይቁ ነበር። እሑድ ፈቃድ ያገኘ ወታደር ሸሚዙን አጥቦ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ከሐረር በመኪና ወደ ሐይቁ ይመጣ ነበር። የውኃ ወፎች አሉ፤ ነፋስ አለ፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣም አይጠፋም።

በሰኔ 1969 ዓ.ም. አንድ እሑድ አምስት ሆነን በዚያ ዳርቻ ተቀምጠን ነበር። ፎቶግራፉ ዛሬም በአንደኛችን ቤት አለ። በሐምሌ ጦርነቱ ተጀመረ፤ በነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ ጥቃት ደርሶባት ሳትያዝ ተረፈች፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀንም ተመለሰች። ከአምስታችን ሁለቱ ያን ቀን አላዩትም።

ከዳርቻው ቆመን በጣም የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ወጣትነት ከዛሬው ዕውቀት ጋር ይመለስ ብሎ የሚመኝ ሰው፣ ከመሬት ዋጋና ከትምህርት ጋር ይህም ዕውቀት እንደሚመለስለት ልብ አይልም። በዚያች እሑድ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ፣ ማን እንደሚመለስና ማን እንደሚቀር እያወቁ ሻይ መቅዳት ይቻላልን? ሻምበሉ፣ «እነግራቸው ነበር፤ ታመናል ብለው ሆስፒታል ይገቡ ነበር» አለ። ሦስተኛው ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «አይገቡም» አለ። «ሌላው ሲሄድ አልጋ ላይ የሚቀሩ ሰዎች ቢሆኑማ ዛሬም አናነሣቸውም ነበር።»

ይህ እውነት ይመስለናል። የሚሆነውን ለማስቀረት ካልተቻለ፣ ዕውቀቱ ለምን ይጠቅማል? በበኩላችን ያገኘነው መልስ ትንሽ ነው። ያን ቀን ብዙ እናስወራቸው ነበር። ከሁለቱ አንዱ ስለ እናቱ ቤት ሁልጊዜ ያወራ ነበር፤ ከደጁ ትልቅ ዋርካ እንዳለ፣ ቤቱ ከገበያው በላይ እንደሆነ። በ1970 ዓ.ም. ክረምት ዕቃውን ይዘን ስንሄድ፣ በዚያ አገር ዋርካ የሌለው ደጅ፣ ገበያ የሌለው ሰፈር አልነበረምና እኒያን እናት ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። ሃያ ዓመታችን ቢመለስና ያች እሑድ ብትመለስ፣ «ዋርካው ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?» እንለው ነበር። የሚጠረጥርም አይመስለንም።

ሐይቁ ራሱ ታሪክ አለው። ጥልቀቱ ደኅና በነበረበት ዘመን እስከ 8 ሜትር ይደርስ ነበር። ሐረር ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውኃዋን የቀዳችው ከዚያ ነው። የዙሪያው ገበሬ በበኩሉ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ጫቱን ለማጠጣት ሞተር ተከለ፤ አንዱ ሲተክል ጎረቤቱም ተከለ። ኮረብታዎቹ ዛፋቸው እየተመነጠረ ሲራቆቱ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ከሐይቁ ውስጥ ከተተው። ከላይ ፀሐይ ይመጠዋል፣ ከታች ደለል ይሞላዋል፣ ከጎን ቧንቧ ይስበዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ወፎቹ ሄዱ፤ ከብት ገባበት፤ ሐረርም ከድሬዳዋ ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ያንን ሁሉ አቀበት ሽቅብ ውኃ መሳብ ግድ ሆነባት። እኛ በዚያ ዘመን በዚያ ያለፍን ጊዜ መንገዱን የተሳሳትን መስሎን ሾፌሩን ጠይቀን ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውኃው ተመልሷል። ዝናቡ ደኅና ሆነ፤ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፤ የከተማው ቧንቧም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እንደ ቀድሞው ሞልቷል ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ሐይቅ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ይሞገዳል፤ ወፎችም አሉበት። እንግዲህ ሁለተኛ ወጣትነት ያገኘ አንድ ፍጡር በዓይናችን አየን ማለት ነው።

ከዳርቻው አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ችግኝ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ሰጠን፤ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ሐይቁን ስናደንቅ ጣቱን ወደ መካከሉ ቀስሮ፣ «አባባ፣ እዚያ ጋ አባቴ ድንች ዘርቶ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩት እዚያ ነው» አለን። ነገሩ ያስደንቃል፤ እኛ በልጅነታችን ውኃ አይተን በሽምግልናችን ደረቅ መሬት ስናይ፣ እርሱ በልጅነቱ መሬት አይቶ በወጣትነቱ ውኃ አየ። ሐይቅ እንደሚደርቅ የሚያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ በእኛ ዘመን አልነበረም። ይህ ልጅ ያውቃል።

እርሱን ያሳሰበው ሌላ ጉዳይ ነበር። የአባቱ መሬት ከግማሽ በላይ በውኃ ተይዟል፤ በቀረው ላይ ጫት ይትከል ወይስ ይተው? ውኃው ድሮ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ ሁሉም የተለያየ ሥፍራ ያሳዩታል። ሻምበሉ ይህን ሲሰማ ጡረታውን ረስቶ ተነቃቃ። በፎቶግራፉ ላይ ከኋላችን የሚታየውን ኮረብታና የኮሌጁን አቅጣጫ አገናዝቦ፣ የተቀመጥንበትን ሥፍራ በእርምጃ ለካ። ከመንገዱ ወዲህ ያለውን አንድ የድንጋይ ክምር አሳይቶ፣ «እዚህ ነበር፤ እግራችንን የነከርነው እዚህ ነው» አለ። ልጁ ክምሩን ተመለከተ፤ ከዚያ ያለችውን ቁራሽ መሬት ተመለከተ። የያዘው ችግኝ በሙሉ ከዚያ ክምር በታች ሊተከል የታሰበ ነበር። «እንግዲያው ቤተሰቡ ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ለሻምበሉም ለእኛም ከበደን። ሽንኩርት ቶሎ ይደርሳልና ውኃው እስኪመጣ ድረስ ቢሞክር እንደሚሻል ነገርነው፤ እርሱም ሽንኩርት ከጫት የበለጠ ውኃ ይጠጣል ብሎ መለሰልን። ግብርናውን ከእኛ ይልቅ እርሱ እንደሚያውቅ ግልጽ ነበር። ስንለየው ችግኙን አስቀምጦ፣ ከክምሩ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት ራሱ በእርምጃ እየለካ ነበር።

አወዳይን በገበያ ግርግር ውስጥ አለፍናት። ሐረር ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የጀጎል ግንብ እንዳለ ነው። የድሮዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች በባጃጅ ብዛት ተውጠዋል፤ ያየነውን አንድ ፔጆ ሻምበሉ እንደ ዘመድ ሰላም አለው። ያደርንበት ቤት ሠራተኛ በርሜሉን እያሳየች፣ «አባቶቼ፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ስለማይመጣ ከዚህ ቅዱ» አለችን፤ ያ ውኃ ዛሬ የወጣነውን አቀበት ወጥቶ የመጣ መሆኑን እናውቅ ነበርና በቁጠባ ታጠብን።

በማግሥቱ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወረድን። ሰፊዎቹ በመንገዱ ዳር ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ያንኳኳሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ድምፅ ነው። ሦስተኛው ጓደኛችን፣ በጉዞው ሁሉ ከማንም ያነሰ የተናገረው፣ ከአንድ ወጣት ሰፊ ፊት ቆመና ቤል ቦተም ሱሪ እንዲሰፋለት አዘዘ፤ ልክ በ1969 ዓ.ም. እንደለበሰው፣ ከጉልበቱ በታች ሰፋ ያለ። ሰፊው ፋሽኑ ተመልሶ መጥቷል፣ ልጆቹም ይወዱታል ብሎ ተቀበለው። ከዚያም ወገቡን ለካ፤ ቁጥሩን አይቶ አላመነም መሰለን፣ እንደገና ለካው።