በዘመሮ፣ የአያት ቤት ወጪ

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጣርማ በርን አልፎ መንዝ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያነሳው ብርዱን ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ወላጅ ያጡ ልጆች በዘመድ ቤት እንዴት እንደሚያድጉ ማየት ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ቤት አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ስደርስ ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ከፀጉሩ ገለባውን እየለቀመ ያቀብላቸዋል። ሲጨርስ «በል ደብተርህን አምጣ» አሉት። ጮክ ብሎ አነበበ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲደናቀፍ ግን ጆሯቸው ይለየዋል፤ «እሷን ድገማት» ይሉታል።

«ምን ያስቸግርዎታል እማማ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማብላቱንስ ተበድሬም አበላለሁ። ሌሊት እየቃዠ ሲጮህ ምን እንደምለው ነው የጨነቀኝ።»

ጀርመንና ዴንማርክ ውስጥ ይህን ጭንቀት የሚጋራ ሙያ አለ፤ ሶሻል ፔዳጎጂ ይሉታል። ባለሙያው ከልጁ ጋር አብሮ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይጫወታል፤ አሳዳጊውንም ያማክራል። ብሪታኒያም እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በሰባት አካባቢዎች ባሉ አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ ሞክራዋለች። አብሮ መዋሉን ዘመሮ ከማንም አትማርም። የጎደለው ለአያቲቱ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚመላለስ ሰው ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመደበው ገንዘብም የሚያልቀው እዚሁ ምልልስ ላይ ነው። ሥልጠና አንዴ ተሰጥቶ ያበቃል። የባለሙያው ደመወዝ፣ መጓጓዣው፣ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ወጥቶ አንድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ቀን ግን በየወሩ ይመጣል። በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የቆመ ጉብኝት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ይቆማል፤ ሰው ያጣ ልጅም የለመደውን ሰው ዳግመኛ ያጣል። ይህ ለእኔ ጭራሹኑ ካለመጀመር ይከፋል።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። ትክክል አደረገች እላለሁ። ልጆቻችንን እዚሁ እናሳድጋለን ካልን ግን የሚያሳድጉልንን አያቶች ብቻቸውን ልንተዋቸው አይገባም። የወረዳና የዞን በጀት የምትደለድሉ ወገኖቼ፣ ለእነዚህ ቤቶች ቀለብ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛውም ሞተር ሳይክልና ነዳጅ በቋሚ በጀት ያዙላቸው።