በፎቶግራፍ ዳር ስለሚቆሙ ሰዎች

በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ ሠርግ በተደገሰ ጊዜ ቤተ ሰብ ተሰልፎ ፎቶግራፍ መነሣቱ የታወቀ ነው። ከመካከል ሽማግሌዎችና ሙሽሮች ይቀመጣሉ፤ ከዳርና ከዳር የሚቆሙት ግን ወጥ ሲያማስሉ፥ ውሃ ሲያቀርቡ ውለው በመጨረሻ የተጠሩት ናቸው። ሌንስ የሚባለው የካሜራው መስተዋትም እንደ ሰዉ ሁሉ ለመካከለኛው ያደላል።

በ2005 ዓ.ም. በጉደር በወንድማችን ሠርግ በተነሣው ሥዕል በስተግራ ዳር የቆሙት አክስታችን ዓይናቸው ከአፍንጫቸው አይለይም። ካረፉም በኋላ ሌላ ሥዕላቸው ቢፈለግ አልተገኘም። በስተቀኝ ዳር ያለው ልጅ ግን የሸሚዙ ቍልፍ ሳይቀር ይቈጠራል። ተንቀሳቅሰው ነው እንዳይባል፥ ከአጠገባቸው ያለው የአጥር ድንጋይም አብሮ ደብዝዟል።

ስለዚህ ሌንሱን ከባለቤቱ ተውሰን ፈተንነው። በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ አምስት የጋዜጣ ገጽ፥ አራቱን በሥዕሉ ማዕዘኖች፥ አንዱን በመካከል እንዲውል አድርገን ለጠፍን። ካሜራውንም በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከግድግዳው ትክክል አቆምነው፤ ጥቂት ቢያዘነብል ጤነኛው ሌንስ በሐሰት ይከሰሳልና፥ የሐሰት ክስስ በመዝገብ ቤታችን ሞልቶ ተርፏል። የብርሃኑን ቀዳዳ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከፍተን፥ ቀጥሎ ወደ ኤፍ 8 አጥብበን አነሣን።

አራቱ ማዕዘኖች እኩል ደብዝዘው ቀዳዳው ሲጠብ ቢጠሩ የሌንሱ ጠባይ ነው እንጂ ጕዳት አይደለም። ዮሴፍ ፔትስቫል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ያወጣው ዝነኛው የሰው መልክ ማንሻ ሌንስ እንኳ መካከሉ እጅግ የጠራ፥ ዳሩ የላላ ነበረ። አንድ ወገን ብቻ ቢደበዝዝ ግን ከውስጥ ካሉት መስተዋቶች አንዱ ከመስመሩ ወጥቷል፤ ይህንንም ቀዳዳውን ማጥበብ ይቀንሰዋል እንጂ አይፈውሰውም። በፈተንነው ሌንስ የግራው ጋዜጣ በኤፍ 8 እንኳ አልተነበበም።

ገዢ ሁሉ የሚፈራው ጭረትን ነው። ነገር ግን በፊተኛው መስተዋት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ወይም ጥቂት አቧራ ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ላይ አትታወቅም። በእጅ ባትሪ አብርተው ሲመለከቱ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ሻጋታ ግን ክፉ ነው፤ ከእርጥበት ይወለዳልና በክረምት ካሜራን በቆዳ ከረጢት ዘግቶ ማኖር እርሱን መቀለብ ነው።

ባለቤቱ ሌንሱን ሊወስድ በመጣ ጊዜ በጌዶ ለሌላ ሠርግ ተቀጥሮ ነበረ። ሰዉን በሁለት ረድፍ አቅርቦ እንዲያቆም፥ በስተግራም ባዶ ስፍራ እንዲተው ነገርነው፤ እሺ ብሎ ሄደ።